አይኤስኦ ውስጥ ያለ ፋይልን ከተርሚናል መቀየር፦ ቡት ማድረጉን ሳያጣ

ጥያቄ፣ ከ«ባዶ-ተርሚናል»

ሰላም ለሁላችሁም። የዴቢያን 12 መጫኛ አይኤስኦ (የሲዲ ሙሉ ቅጂ የያዘ ፋይል) ነው፣ ባለ 64 ቢቱ። ከውስጡ ሁለት ነገር ብቻ መንካት እፈልጋለሁ፦ የቡት ሜኑውን ግሩብ.ሲኤፍጂ ማስተካከልና አንድ ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ (ለመጫኛው ጥያቄዎች አስቀድሞ የተጻፉ መልሶችን የያዘ ፋይል) መጨመር። ዓላማው መጫኑ ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሄድ ነው። ሥራው በስክሪፕት ሆኖ፣ የሩት ፈቃድም ዴስክቶፕም በሌለው ሰርቨር ላይ መሠራት አለበት።

እስካሁን ያለው ሁኔታ ይሄ ነው። ሱዶ ባለው ሌላ ማሽን ላይ በሉፕ ማውንት ሲደረግ፣ ለመጻፍ ይከፈት ተብሎ ቢታዘዝም እንኳ፣ ምንጩ ጽሑፍ አይቀበልም ብሎ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። በሰቨንዚፕ ተዘርግፎ፣ ተቀይሮ፣ በጄንአይኤስኦኢሜጅ መልሶ ሲታሸግ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን ላይ እንደ ሲዲ ሲገባ ይነሳል፤ ፍላሽ ላይ በዲዲ ሲጻፍ ግን ማሽኑ ጭራሽ እንደሚነሳ ዲስክ አያየውም።

ሌላው ጥያቄ፦ ሁለት ፓርቲሽን ያለው ጥሬ የዲስክ ኢሜጅም አለ፤ አንደኛው ፋት32፣ ሁለተኛው ኢኤክስቲ4። ያለ ሩት እሱስ ውስጥ መግባት ይቻላል?

መልስ፣ ከ«ሴክተር-16»

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ፣ ምክንያቱ ከታወቀ ትእዛዙ ቀላል ነው።

አይኤስኦ 9660 አንዴ ተጽፎ ለሚቀር ሲዲ የተሠራ ፋይል ሲስተም ነው። ነጻ ቦታ የት እንዳለ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ የለውም። እያንዳንዱ ፋይል በ2048 ባይት ብሎኮች ላይ ተከታትሎ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ፋይል ወዲያው ከጎኑ ይጀምራል። ማውጫው ስለ ፋይሉ ይዘት የሚያውቀው መነሻ ብሎኩንና የባይት ርዝመቱን ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ያለ ፋይል ቢረዝም የሚሰፋበት ቦታ የለም። የሊኑክስ ከርነል የአይኤስኦ ድራይቨርም የመጻፊያ ኮድ የለውም፤ ሩት ብትሆንም፣ ፈቃዱን በቻሞድ ብትከፍተውም ለውጥ አያመጣም።

ፍላሹ ያልተነሳበት ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው። የአይኤስኦ የመጀመሪያዎቹ 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32768 ባይት፣ ፋይል ሲስተሙ የማይጠቀምባቸው ናቸው። ሃይብሪድ የሚባለው፣ ከሲዲም ከፍላሽም የሚነሳው አይኤስኦ ኤምቢአሩን፣ ማለትም ከዲስክ መጀመሪያ የሚነበበውን የቡት ሴክተር፣ እና የፓርቲሽን ሰንጠረዡን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። እንደ ሲዲ ሲነሳ የሚነበበው የኤል ቶሪቶ (የሲዲ ቡት ደረጃ) ካታሎግ ነው፤ እንደ ፍላሽ ሲነሳ ግን ባዮሱ ሴክተር 0ን ያነባል። ሰቨንዚፕ የሚያወጣልህ ፋይሎችን እንጂ እነዚያን ባይቶች አይደለም። ጄንአይኤስኦኢሜጅም ቦታውን ባዶ ትቶት ያልፋል፤ ሃይብሪድ ማድረግ አያውቅበትም። ሰቨንዚፕ በነገራችን ላይ አይኤስኦን ማውጣት እንጂ ማደስ አይችልም፣ የማደሻ ትእዛዙን በዚህ ቅርጽ ላይ አትሞክረው።

ስለዚህ ዘርግፎ ማሸጉን ተወውና ዞሪሶን (አይኤስኦን የሚያነብና የሚጽፍ የተርሚናል ፕሮግራም) ተጠቀም። ሩት አይፈልግም፣ ማውንትም አይፈልግም። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደል አስቀምጫለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ሆሄ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ የሚቀየረውን ፋይል ብቻ አውጣ፦

ዞሪሶ -ኦሲሮክስ ኦን -ኢንዴቭ አሮጌ.አይኤስኦ -ኤክስትራክት /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ ግሩብ.ሲኤፍጂ

ቻሞድ ዩ+ደብሊው ግሩብ.ሲኤፍጂ

ሁለተኛው መስመር የሚያስፈልገው ፋይሉ አይኤስኦው ውስጥ በነበረው የንባብ ብቻ ፈቃድ ስለሚወጣ ነው። ስክሪፕት ውስጥ ካላስገባኸው ሴድ እዚያ ላይ ባይቆምም ሌላ ኤዲተር ይቆማል። ካስተካከልክ በኋላ፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ አሮጌ.አይኤስኦ -አውትዴቭ አዲስ.አይኤስኦ -ቡት_ኢሜጅ ኤኒ ሪፕሌይ -ማፕ ግሩብ.ሲኤፍጂ /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ -ማፕ ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ /ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ -ቻሞድ 0444 /ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ --

ዋናው ነገር «ቡት_ኢሜጅ ኤኒ ሪፕሌይ» የሚለው ነው። የአሮጌውን ኤል ቶሪቶ፣ ኤምቢአርና የፓርቲሽን አቀማመጥ አንብቦ በአዲሱ ላይ እንደገና ይሠራቸዋል። እሱን ብትረሳ ፋይሎቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው አይኤስኦው ላይነሳ ይችላል።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አዲስ.አይኤስኦ ቀድሞ ካለና ውስጡ ይዘት ካለው ዞሪሶ አልጽፍም ይላል፣ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ያጥፋው። መጨረሻ ላይ ያለችው ድርብ ሰረዝ የቻሞድ ዝርዝር እዚህ ያበቃል ማለት ናት፤ ከሌለች ከኋላዋ የምትጨምረውን ማንኛውንም አማራጭ እንደ ፋይል ስም ይቆጥረዋል። በኢንዴቭና በአውትዴቭ ፋንታ «ዴቭ» የሚለውን ብትጠቀም ደግሞ ለውጡ በዚያው ፋይል ጫፍ ላይ እንደ አዲስ ሴሽን ይጨመራል። ዳታ ብቻ ለያዘ አይኤስኦ ምቹ ነው፣ ግን ኢሜጁ በተቀየረ ቁጥር ያድጋል፤ «የጠፋው» ፋይልም ባይቱ እዚያው ይቀራል። የይለፍ ቃል የያዘ ፕሪሲድ በዚህ መንገድ አጥፍተህ ኢሜጁን ለሌላ ሰው አትስጥ።

ከጨረስክ በኋላ ሁለቱንም ኢሜጆች በየተራ እንዲህ ጠይቃቸው፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ አዲስ.አይኤስኦ -ሪፖርት_ኤል_ቶሪቶ ፕሌን -ሪፖርት_ሲስተም_ኤሪያ ፕሌን

የብሎክ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ያ ጤናማ ነው። የቡት ኢሜጆቹ ብዛትና ዓይነት፣ የፓርቲሽኖቹም ብዛት ግን አንድ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኪኢኤምዩ (የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም) አንዴ እንደ ሲዲ፣ አንዴ እንደ ጥሬ ሃርድ ዲስክ፣ አንዴ ደግሞ በኦቪኤምኤፍ (የቨርቹዋል ማሽን ዩኢኤፍአይ፣ ማለትም አሮጌውን ባዮስ የተካው) ፈርምዌር አስነሳው። አንተ የሞከርከው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ነው ችግሩ ፍላሽ ላይ እስኪደርስ ያልታየው።

መልስ፣ ከ«ሥረ-ማውጫ»

ከላይ ያለው ልክ ነው። የዴቢያን 12ን ጉዳይ ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ግሩብ.ሲኤፍጂን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

በዚህ አይኤስኦ ላይ ሁለት ቡትሎደር አለ። በዩኢኤፍአይ ሲነሳ ግሩብ ነው፣ ሜኑውም /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ። በአሮጌው ባዮስ ሲነሳ ግን ኢሶሊኑክስ ነው፤ ሜኑው /ኢሶሊኑክስ በሚለው ማውጫ ውስጥ በበርካታ ትንንሽ ሲኤፍጂ ፋይሎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል፣ ዋናዎቹ ቲኤክስቲ.ሲኤፍጂ እና ጂቲኬ.ሲኤፍጂ ናቸው። ሁለቱንም ወገን ካልቀየርክ አንዱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ የድሮው ሜኑ ይወጣል። የመጠበቂያ ጊዜውም መለኪያ ይለያያል፦ ግሩብ ላይ 5 ማለት 5 ሰከንድ ነው፣ ኢሶሊኑክስ ላይ ግን በአሥረኛ ሰከንድ ስለሚቆጠር 5 ሰከንድ ለማለት 50 ይጻፋል።

የከርነል አማራጮቹን የምትጨምርበት ቦታም ወሳኝ ነው። መስመሩ ላይ ሦስት ሰረዝ ታገኛለህ። ከሰረዞቹ በፊት ያለው ለመጫኛው ብቻ ነው፤ ከሰረዞቹ በኋላ ያለው ተጭኖ በሚጠናቀቀው ሲስተም የቡት መስመር ላይም ይገለበጣል። ስለዚህ፦

ኦቶ=ትሩ ፕራዮሪቲ=ክሪቲካል ፋይል=/ሲዲሮም/ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ

የሚለው ከሦስቱ ሰረዞች በፊት ይግባ። «ሲዲሮም» የሚለው መጫኛው አይኤስኦውን የሚከፍትበት ማውጫ ነው፣ ከፍላሽ ቢነሳም ስሙ ያው ነው።

ኤምዲ5ሰም.ቲኤክስቲ የሚል ፋይልም ሥሩ ላይ አለ። ሜኑው ውስጥ ያለው «የዲስኩን ጤንነት መርምር» የሚለው የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው። መጫኑ ራሱ አይቆምም፣ ግን ነገ አንድ ሰው ምርመራውን ቢያስኬድ ኢሜጁ ተበላሽቷል ይለዋል። የቀየርካቸውን ፋይሎች መስመር በአዲስ ድምር ተካና እሱንም በማፕ መልሰው። የመንገዱ አጻጻፍ ነጥብና እዝባር ከፊቱ እንዳለው ሆኖ ይቆይ።

አንዳንድ ሰው ኢኤፍአይ.ኢሜጅ የሚለውን ትንሽ የፋት ኢሜጅም ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ውስጡ ያለው አጭር ግሩብ.ሲኤፍጂ ወደ ዋናው የሚመራ ብቻ ነው። ማየት ከፈለግክ አውጥተህ በኤምዲር ማይነስ አይ ዝርዝሩን፣ በኤምታይፕ ይዘቱን ማንበብ ትችላለህ። የተፈረሙትን የኢኤፍአይ ፋይሎች ግን በራስህ በገነባኸው አትተካ፤ ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን አያስነሳቸውም። ግሩብ.ሲኤፍጂ ያልተፈረመ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ እሱን መቀየር ፊርማውን አይነካም።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከ«ባዶ-ተርሚናል»

በጣም አመሰግናለሁ፣ በዞሪሶ የተሠራው ከፍላሽም በሁለቱም መንገድ ተነስቷል። ፕሪሲዱ ግን በኢሶሊኑክስ በኩል ሲገባ ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በራሱ ይሄዳል። ፋይሉ ውስጥ የሁለቱም መልስ ተጽፏል። በግሩብ በኩል አይጠይቅም።

መልስ፣ ከ«ሥረ-ማውጫ»

«ፋይል=» ብለህ የምትጠቁመው ፕሪሲድ የሚነበበው አይኤስኦው ማውንት ከተደረገ በኋላ ነው። የቋንቋና የኪቦርድ ጥያቄ ደግሞ ከዚያ በፊት ይመጣል። ኦቶ=ትሩ እነዚህን ጥያቄዎች ወደኋላ የሚገፋቸው ለዚህ ነው፤ በኢሶሊኑክስ ወገን ካልገባ ወይም ከሦስቱ ሰረዞች አጠገብ ክፍተት ሳይኖረው ከተጣበቀ አይሠራም። መጀመሪያ እሱን ተመልከት።

ቁርጥ ያለ መፍትሔ የምትፈልግ ከሆነ ግን ፕሪሲዱን ኢኒትአርዲው (ሲነሳ ከከርነሉ ጋር የሚጫነው ትንሽ የፋይሎች ማኅደር) ውስጥ አስገባው። ሥሩ ላይ ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ የሚል ስም ካገኘ መጫኛው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ያነበዋል፣ የቡት መስመር ላይም ምንም መጨመር አያስፈልግም። ኢኒትአርዲው በጂዚፕ የታመቀ የሲፒአይኦ ማኅደር ነው፤ መዘርገፍ ሳያስፈልግ ከጫፉ መቀጠል ይቻላል፦

ጂአንዚፕ ኢኒትአርዲ.ጂዜድ

ኢኮ ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ | ሲፒአይኦ -ኤች ኒውሲ -ኦ -ኤ -ኤፍ ኢኒትአርዲ

ጂዚፕ ኢኒትአርዲ

እዚህ ላይ «ኤች» እና መቀጠያው «ኤ» በትልቁ ሆሄ፣ «ኤፍ»ም በትልቁ ናቸው፤ የመውጫው «ኦ» በትንሹ። መቀጠል የሚቻለው ባልታመቀ ማኅደር ላይ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው መስመር አይዘለልም። ትእዛዙን ፕሪሲድ.ሲኤፍጂ ባለበት ማውጫ ውስጥ ቆመህ አስኪደው፤ ከሌላ ቦታ በሙሉ መንገዱ ብትጠራው ማኅደሩ ውስጥም በዚያው መንገድ ይገባና መጫኛው አያገኘውም። ማኅደሩን ዘርግፎ መልሶ ማሸግ ያለ ሩት አደገኛ ነው፤ ባለቤትነትና የዲቫይስ ፋይሎች ይጠፋሉ። መቀጠል ግን የነበረውን አይነካም።

ኢኒትአርዲው ደግሞ አንድ አይደለም። የጽሑፍ መጫኛው /ኢንስቶል.ኤኤምዲ (ስሙ ላይ 64 የለም) ውስጥ ያለውን ይጠቀማል፤ ግራፊካሉ ከሥሩ ጂቲኬ በሚለው ማውጫ ያለውን። ሜኑው ላይ ቀድሞ የሚመረጠው ግራፊካሉ ስለሆነ አንዱን ብቻ ቀይሮ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ነው። ሁለቱንም በማፕ መልሳቸው።

መልስ፣ ከ«ባይት-ለባይት»

ለሙሉነት ያህል፦ ለውጡ የአንድ ቁጥር ወይም የአንድ ቃል ያህል ከሆነ ኢሜጁን እንደገና መጻፍም አያስፈልግም። ርዝመቱ ካልተቀየረ እዚያው ባለበት መተካት ይቻላል። ብዙ ጊጋባይት ያለው ኢሜጅ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ዞሪሶ ይነግርሃል፦

ዞሪሶ -ኢንዴቭ ኮፒ.አይኤስኦ -ፋይንድ /ቡት/ግሩብ/ግሩብ.ሲኤፍጂ -ኤግዜክ ሪፖርት_ኤልቢኤ --

የሚመጣው መስመር ላይ በቅደም ተከተል የክፍሉ ቁጥር፣ መነሻ ብሎክ፣ የብሎክ ብዛት፣ የባይት ርዝመትና መንገዱ አሉ። መነሻው 4312፣ ብዛቱ 2፣ ርዝመቱ 3100 ነው እንበል። ፋይሉ የሚጀምረው 4312 ሲባዛ በ2048፣ ማለትም ባይት 8830976 ላይ ነው። የተዘጋጀው አዲስ ፋይል በትክክል 3100 ባይት መሆን አለበት። ካጠረ መጨረሻው ላይ ባዶ መስመር ወይም በመሰላል ምልክት የሚጀምር አስተያየት እየጨመርክ ሙላው። በስታት ርዝመቱን አረጋግጥና፦

ዲዲ አይኤፍ=ግሩብ.ሲኤፍጂ ኦኤፍ=ኮፒ.አይኤስኦ ቢኤስ=2048 ሲክ=4312 ኮንቭ=ኖትራንክ

ኖትራንክን ከረሳህ ዲዲ ኢሜጁን እዚያው ላይ ይቆርጠዋል፣ ከፋይሉ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በኮፒ ላይ ብቻ መሥራት ያለብህ ለዚህ ነው።

ሁለት ብሎክ 4096 ባይት ስለሚይዝ 996 ባይት ትርፍ ያለ ይመስላል። ብትጽፍበት ግን አይነበብም፤ ማውጫው ርዝመቱ 3100 ነው ብሎ መዝግቧል። ያንን መዝገብም በእጅ መቀየር ይቻላል፦ በማውጫው መዝገብ ውስጥ ርዝመቱ ከ0 ተነስቶ ሲቆጠር ከባይት 10 ጀምሮ 8 ባይት ይይዛል፣ አንዴ ከትንሹ ባይት፣ አንዴ ከትልቁ ባይት ተጀምሮ ሁለት ጊዜ ተጽፎ። ጆሊየት (ለዊንዶውስ ረጅም የፋይል ስሞች የተጨመረ ቅጥያ) ካለው ደግሞ የሱ የማውጫ ዛፍ የራሱ ሌላ መዝገብ አለው፣ እሱም አብሮ መቀየር አለበት። እዚያ ከደረስክ ዞሪሶ ይሻላል። ፌዶራና መሰሎቹ ላይ በኢሜጁ ራስጌ የተቀበረ የኤምዲ5 ድምር ስላለ ከዚህ በኋላ የሚዲያ ምርመራው ይወድቃል፤ በኢምፕላንትአይኤስኦኤምዲ5 እንደገና መትከል ይቻላል።

መልስ፣ ከ«ሉፕ-ዜሮ»

የጥሬውን ኢሜጅ ጥያቄ እኔ ልመልስ። ይሄኛው ከአይኤስኦ ጋር አንድ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት መደበኛ የሚጻፍባቸው ፋይል ሲስተሞች ናቸው፣ ችግሩ መነሻቸውን ማግኘት ብቻ ነው።

ኤፍዲስክ -ኤል ዲስክ.ኢሜጅ ስትል የፓርቲሽኖቹን መነሻ ሴክተር ታገኛለህ። አንደኛው 8192፣ ሁለተኛው 532480 ላይ ይጀምራል እንበል። ሴክተሩ 512 ባይት ከሆነ መነሻዎቹ 4194304 እና 272629760 ባይት ናቸው፤ በሜቢባይት ልክ 4 እና 260።

ሩት ካለህ የተለመደው መንገድ ሎሴትአፕ ነው፦

ሎሴትአፕ --ፋይንድ --ሾው --ፓርትስካን ዲስክ.ኢሜጅ

የሚያትምልህን ስም ይዘህ፣ ለምሳሌ ሉፕ0 ከሆነ፣ ሉፕ0ፒ2ን ማውንት ታደርጋለህ፣ ትቀይራለህ፣ አንማውንት፣ ከዚያ በሎሴትአፕ ማይነስ ዲ ትፈታዋለህ። አንማውንት ሳይደረግ ኢሜጁን መገልበጥ ገና ያልተጻፈ ዳታ ጥሎ መሄድ ነው።

ሩት ከሌለህ ደግሞ ለፋት32ው ኤምቱልስ (ፋትን ያለ ማውንት የሚያነብና የሚጽፍ የትእዛዞች ስብስብ)፦

ኤምኮፒ -ኦ -አይ ዲስክ.ኢሜጅ@@4ኤም ኮንፊግ.ቲኤክስቲ ::/ኮንፊግ.ቲኤክስቲ

«ኦ» የነበረውን ሳትጠይቅ ተካ ማለት ነው፤ ስክሪፕት ውስጥ ካልኖረ ትእዛዙ መልስ ሲጠብቅ ይቆማል። የሴክተር ብዛቱ ከትራክ ጋር አይገጥምም ብሎ ከተቃወመ ኤምቱልስ_ስኪፕ_ቼክ የሚለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 አድርገው።

ለኢኤክስቲ4ው ዲባግኤፍኤስ አለ፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጥ፦

ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ 'ዲስክ.ኢሜጅ?ኦፍሴት=272629760'

ጆርናሉ (ፋይል ሲስተሙ ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ ካለና ሳትመረምር ከቀየርክ፣ በኋላ ኢሜጁ ሲነሳ ጆርናሉ ለውጥህ ላይ ይጽፍበታል። ነጠላ ጥቅሱ የግድ ነው፤ ሼሉ የጥያቄ ምልክቱን ራሱ ሊተረጉመው ስለሚሞክር። ከዚያ ትእዛዞቹን አንድ ፋይል ውስጥ ጻፍ፦

ሲዲ /ኢቲሲ
አርኤም ሆስትኔም
ራይት ሆስትኔም ሆስትኔም
ሲፍ ሆስትኔም ሞድ 0100644
ሲፍ ሆስትኔም ዩአይዲ 0
ሲፍ ሆስትኔም ጂአይዲ 0

እና በዲባግኤፍኤስ -ደብሊው -ኤፍ፣ ከኋላው የትእዛዝ ፋይሉንና ያንኑ 'ዲስክ.ኢሜጅ?ኦፍሴት=272629760' ሰጥተህ አስኪደው። ራይት የነበረን ፋይል አይተካም፣ ስለዚህ አርኤም ይቀድማል። መድረሻውንም በሙሉ መንገድ አትስጠው፤ መጀመሪያ በሲዲ ግባና ስሙን ብቻ ጻፍ። ሞዱ ላይ ከፊት ያለው 0100 ተራ ፋይል መሆኑን የሚናገር ክፍል ነው፣ 0644 ብቻ ብትል የፋይሉ ዓይነት ይጠፋል። ሲያልቅ ኢ2ኤፍኤስሲኬን እንደገና አስኪድ፤ ምንም ሳያስተካክል ማለፍ አለበት።

መልስ፣ ከ«ሴክተር-16»

ይሄን ገጽ ሌላ ዓይነት ኢሜጅ ይዞ የሚመጣም ይኖራልና አጠር አድርጌ ልጨምር። ከምንም በፊት «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ኢሜጁ ምን እንደሆነ እዩ፣ ቅጥያው ሊያሳስት ይችላል።

የዊንዶውስ መጫኛ አይኤስኦ ውስጡ ዩዲኤፍ ነው። በአይኤስኦ 9660 ዓይን ሲታይ «ዩዲኤፍ የሚያነብ ሲስተም ያስፈልጋል» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው የሚታየው። ዞሪሶ ዩዲኤፍን ስለማይጽፍ ከላይ ያለው መንገድ እዚህ አይሠራም፣ እዚያ ላይ ዘርግፎ ዩዲኤፍ በሚጽፍ መሣሪያ መልሶ ማሸግ ነው ያለው።

የላይቭ አይኤስኦ ከሆነና መቀየር የፈለጋችሁት የሚነሳውን ሲስተም ራሱን ከሆነ፣ ፋይሎቹ ያሉት ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ሌላ የታመቀ ኢሜጅ ውስጥ ነው። በአንስኳሽኤፍኤስ አውጥታችሁ በኤምኬስኳሽኤፍኤስ መልሳችሁ ታሽጋላችሁ፣ ያንን ፋይል ብቻ በማፕ ትመልሳላችሁ። የፋይሎቹ ባለቤትነት እንዲጠበቅ ሁለቱንም በሩት፣ ሩት ከሌለም በአንድ የፌክሩት ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስኪዱ። ኤምኬስኳሽኤፍኤስ መድረሻው ፋይል ቀድሞ ካለ ይቀጥልበታል እንጂ አይተካውም፤ ስም ሲጋጭበት አዲሱን ከኋላው _1 ጨምሮ ያስገባዋል። «ኖአፔንድ» የሚለውን አማራጭ አትርሱ።

ኪውካው2 (የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ቅርጽ) ከሆነ በሎሴትአፕ አይከፈትም፣ የራሱ ራስጌና የክላስተር ሰንጠረዥ አለው። ቨርትኮፒኢን ማይነስ ኤ ብሎ ኢሜጁን፣ የሚገባውን ፋይልና መድረሻ ማውጫውን መስጠት ይበቃል፤ መድረሻው ማውጫ እንጂ የፋይል ስም አይሆንም። ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ በርቶ እያለ ከውጭ መጻፍ ፋይል ሲስተሙን ያበላሻል። ለሌላ ኢሜጅ መሠረት የሆነን ኪውካው2 ደግሞ ጭራሽ አትንኩ፣ በላዩ የተሠሩት ሁሉ ይበላሻሉ። ኡቡንቱ ላይ ያለ ሩት ሲሄድ የከርነል ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ከቆመ፣ ምክንያቱ /ቡት ውስጥ ያለው ቪኤምሊኑዝ ለሩት ብቻ የሚነበብ መሆኑ ነው፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የንባብ ፈቃድ ይስጠው።

የማክ ዲኤምጂ በሃዲዩቲል ኮንቨርት ወደ ዩዲአርደብሊው ተቀይሮ ይታረማል፣ ተመልሶም ወደ ዩዲዜድኦ ይታመቃል። ውስጡ የተፈረመ ፕሮግራም ካለና ከተነካ ፊርማው አይሠራም።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከ«ባዶ-ተርሚናል»

ኤምኮፒም ዲባግኤፍኤስም ሠርተዋል። አሁን የቀረው ኢኤክስቲ4ው ላይ ቦታ ማለቁ ነው። ያለ ሩት ማስፋት ይቻላል?

መልስ፣ ከ«ሉፕ-ዜሮ»

ይቻላል፣ የሚሰፋው ፓርቲሽን የመጨረሻው እስከሆነ ድረስ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ፋይሉ፣ ቀጥሎ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ፣ መጨረሻ ፋይል ሲስተሙ።

ትራንኬት -ኤስ +512ኤም ዲስክ.ኢሜጅ

ፓርትድ ዲስክ.ኢሜጅ ሪሳይዝፓርት 2 100%

ከዚህ በኋላ ኤፍዲስክ -ኤልን እንደገና አይተህ የሁለተኛውን ፓርቲሽን አዲሱን የሴክተር ብዛት ያዝ። በዚያ ብዛት ልክ ቁረጠው፦

ዲዲ አይኤፍ=ዲስክ.ኢሜጅ ኦኤፍ=ሩት.ኢኤክስቲ4 ቢኤስ=512 ስኪፕ=532480 ካውንት=የያዝከው ብዛት

ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ ሩት.ኢኤክስቲ4

ሪሳይዝ2ኤፍኤስ ሩት.ኢኤክስቲ4

ዲዲ አይኤፍ=ሩት.ኢኤክስቲ4 ኦኤፍ=ዲስክ.ኢሜጅ ቢኤስ=512 ሲክ=532480 ኮንቭ=ኖትራንክ

ሪሳይዝ2ኤፍኤስ መጠን ካልተሰጠው እስከ ፋይሉ ጫፍ ይሰፋል፣ ካውንቱ ልክ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በተለይ ሰንጠረዡ ጂፒቲ (አዲሱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ዓይነት) ከሆነ የኢሜጁ የመጨረሻ 33 ሴክተሮች የሰንጠረዡ መጠባበቂያ ቅጂ ናቸው፤ ካውንት ሳትሰጥ እስከ ጫፍ ከቆረጥክ ፋይል ሲስተሙ እዚያ ላይ ይተኛና መልሰህ ስትጽፈው መጠባበቂያውን ይደመስሰዋል። በጂፒቲ ላይ ከትራንኬት በኋላ፣ ከፓርትድ በፊት፣ በኤስጂዲስክ ማይነስ ኢ መጠባበቂያውን ወደ አዲሱ ጫፍ አዛውረው።